በቁራኛ ወደ ደብረ ታቦር

የሺ እናቷና አባቷ ልብሳቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ ቆመው ስታይ ልቧ በደስታ ዘለለ። የእናቷ ነጠላ ከአባቷ ጋቢ ጋር በአንድ ቋጠሮ ታስሯል። ሁለቱን ከክረምት ጀምሮ በአንድ ግቢ ውስጥ አብረው ቆመው አይታቸው አታውቅም፤ አሁን ግን በመካከላቸው አንድ ክንድ እንኳ የለም። እንዲህ ቀላል ከነበረ ምነው ቀደም ብለው ባሰሯቸው ኖሮ ስትል አሰበች።

ያየችው ነገር ቁራኛ ነው። ሁለት ባለጋራዎች ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አንዱ ከሌላው እንዳይሸሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ በአንድ መንገድ ይሄዳሉ። ጠበኛን ከጠበኛ ማሰሪያ እንጂ ማስታረቂያ አይደለም። የፊት ጥርሶቿ ገና ለወለቁባት ልጅ ግን ይህን ማን ይንገራት? አዋቂዎቹ እህሉንና ከብቱን ሲቆጥሩ እሷን ቁጭ አድርጎ ለማስረዳት ጊዜ ያገኘ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ እሸቴ ጣሊያን ደብረ ታቦር ሲገባ ጠመንጃውን አንግቶ ዱር ገባ፤ ክረምቱን ሙሉ ወሬው ጠፋ። እናቷ ዓለሚቱ ማሳውን ብቻዋን አሳርማ፣ በጨለማ ለመጣ አርበኛ ስንቅ ሰጥታ፣ በቀን ለመጣ ባንዳ ዶሮ አርዳ ቤቱን አቆየች። እሱ ሲመለስ ጎተራው ለምን ጎደለ አለ። እሷ አንተስ ለምን ቆየህ አለች። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ሽማግሌ ቢመላለስ፣ የነፍስ አባታቸው ቢገዝቱ የሚመለሱ አልሆኑም።

ከዚያ ንብረቱ ተከፈለ። ገብሱ በቁና ተሰፈረ፤ በሬዎቹ አንድ አንድ ደረሷቸው፤ በጎቹ ተለዩ። የሺ ከክርስትና እናቷ ከወርቅነሽ ጎን ቆማ የምትተኛበት አጎዛ ወደ እናቷ ክምር፣ የምትቀመጥበት በርጩማ ወደ አባቷ ክምር ሲሄድ አየች። ከዚያን ቀን ወዲህ ወርቅነሽ ዘንድ እንድትቆይ ተደረገ። እህል አልቀምስ፣ ከሰው ጋር አላወራ አለች።

ሳትከፈል የቀረች እሷ ብቻ ነበረች። እናቷ ይዣት ወደ ወላጆቼ አገር ወደ እብናት እሄዳለሁ አለች፤ አባቷ ከጉና አትወርድም አለ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አያ ሞላ ሲሰለቻቸው፣ «እንግዲህ ደብረ ታቦር ወርዳችሁ ባላምባራስ አያሌው ይፍረዱላችሁ» ብለው ሁለቱን አቆራኟቸው። ጣሊያኑ ሹም ሙግት ሁሉ በፊቴ ካልሆነ ብሎ ስለነበር ባላምባራስ ለቅሶ የተቀመጡ መስለው በጓሯቸው ይዳኙ ነበር፤ ያ ለቅሶ ወራት አልፎታል። አያ ሞላ ቋጠሮውን አጠበቁና፣ «በገዛ እጁ የፈታ ተረታ። ልጅቱንም ውሰዷት፣ ዳኛው ሊያዩዋት ይሻሉ» አሉ።

እናም ሦስቱ በማለዳ ተነሡ። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጥቷል፤ ረጃጅሞቹ የደጋ ተክሎች ጅብራዎቹ በጭጋጉ ውስጥ ቆመዋል። የሺ መንገዱን ብዙ ጊዜ አይታዋለች፤ ዛሬ ግን እንደ አዲስ ሆነባት። እናቷ ስትራመድ አባቷ ይራመዳል፤ አባቷ ሲቆም እናቷ ትቆማለች። አንዲት ጅረት ደረሱ። አባቷ እጁን ዘረጋ፣ እናቷ አልያዘችውም፤ ግን ጋቢው ውኃ እንዳይነካው ጫፉን ከፍ አድርጋ ይዛለት ተሻገረች። የሺ ይህን ስታይ እግሯን ውኃው ውስጥ እንደነከረች ቆማ ቀረች። እንዲህ ያለ ነገር በዓይኗ አያለሁ ብላ አላሰበችም ነበር።

ከዚያ በኋላ አፏ ተከፈተ። ስለ ወርቅነሽ ድመት አወራች፤ ስለ ጎረቤት በግ አወራች። ወራት ሙሉ የተጠራቀመ ወሬ ነው። እናቷ ትመልስላታለች፣ አባቷም ይመልስላታል፤ እርስ በርሳቸው ግን ቃል አልተነጋገሩም። የሺ ይህን ልብ አላለችውም። ሁለቱም «እህ» ሲሏት፣ ሁለት «እህ» በአንድ ጊዜ መስማት ለእሷ በቂ ነበር።

ከከተማው በፊት ጣሊያኖች የሠሩት ኬላ አለ። አንድ ትልቅ መኪና ቆሟል፤ የሺ መኪና በቅርብ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ ጎማው ብቻ ደረቷ ይደርሳል። በሌላ ቀን ቢሆን ዓይኗን ባልነቀለች ነበር። ዛሬ ግን አንዴ አየችውና ወደ ቋጠሮው ተመለሰች።

ጣሊያኑ ወታደር ቋጠሮውን በጠመንጃው አፈሙዝ እየጠቆመ አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው የአገሩ ሰው ነው። «ለምን ታሰራችሁ ይላችኋል» አለ ቀስ ብሎ። ሙግት ነው ቢሉ ዳኛው ማነው ይባላል፤ ባላምባራስም እነሱም ወህኒ ይወርዳሉ።

«ስለት ነው» አለ እሸቴ። «ወደ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ደጅ ነው የምንሄድ።»

«የምን ስለት?» አለ አስተርጓሚው።

ዓለሚቱ ያን ጊዜ ገባችበት። «ልጃችን ታማብን ነበር። እህል አልቀምስ አለች። ሰውነቷ አለቀ።»

«መናገርም ትታ ነበር» አለ እሸቴ።

«በእንቅልፏ ትባንናለች። እየጮኸች ትነሣለች።»

«አዎ፣ ትባንናለች። ወርቅነሽ ነግራኛለች» አለና ቀጠለ። «ብትድንልን ተሳስረን ደጅህ እንመጣለን ብለን...»

ሁለቱም ውሸት ሊናገሩ ጀምረው እውነቱን ተናግረው ተገኙ። ወርቅነሽ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ነግራቸዋለች፤ እያንዳንዳቸውም ጥፋቱን በሌላው አሳብበው አልፈውታል። አሁን ባዕድ ወታደር ፊት ቆመው ከገዛ አፋቸው ሲሰሙት አንገታቸውን ደፉ። አስተርጓሚው ቁራኛ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው አይደለም፤ ዓለሚቱን አየ፣ እሸቴን አየ፣ ልጅቷን አየ፤ ከዚያ ስለት ነው ብሎ አስተረጎመ። ጣሊያኑ አማተበና ከኪሱ ጋሌጣ የሚሉትን ደረቅ ብስኩት አውጥቶ ለልጅቷ ሰጣት። ይለፉ ተባሉ።

የሺ በአየር ላይ የምትሄድ መሰላት። እናቷና አባቷ አንዱ የጀመረውን ሌላው ሲጨርስ ሰምታለች። ለእሷ ሲሉ እንደተሳሰሩም በጆሮዋ ሰምታለች። ትንሽ አለፍ ብለው ከፍ ካለ ቦታ ላይ አንድ ጽድ ሥር ሲደርሱ ጋሌጣዋን ቆራርሳ አደለቻቸው።

«አባየ፣ ዛሬ ተመልሰን ቤታችን እንገባለን?»

«የትኛው ቤት?» አለች እናቷ ሳታስበው።

«ቤታችን ነዋ። ከታረቃችሁማ አጎዛየን ትመልሽዋለሽ፤ በርጩማየን አባየ ይዞታል።»

ዓለሚቱና እሸቴ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዩ። መንገዱን ሁሉ የልጅቷ አፍ ለምን እንደተከፈተ አሁን ገባቸው።

«እስከ ማታ ዝም እንበላት» አለ እሸቴ በሹክሹክታ።

«ማታስ ምን ልትላት ነው?»

ዓለሚቱ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ቋጠሮው ሲስበው እሱም አጠገቧ ተቀመጠ። ልጅቷን ወደ ጉልበታቸው አስጠጓት።

«የሺ፣ ስሚኝ ልጄ» አለች እናቷ። «ይህ ቋጠሮ የእርቅ አይደለም። የተጣላ ሰው ዳኛ ዘንድ ሲሄድ የሚታሰርበት ነው።»

ልጅቷ ውሸት ነው እንዲላት አባቷን አየች።

«እውነቷን ነው» አለ እሸቴ። «እኔና እናትሽ ተፋተናል። ዳግመኛ በአንድ ቤት አንኖርም። ቀድመን ልንነግርሽ ሲገባን አልነገርንሽም።»

የሺ ቋጠሮውን በጣቷ ነካችው። ከዚያ፣ «በበሶው ነው?» አለች።

«የቱ በሶ?»

«የአባየ ስንቅ። እኔ ደፋሁት። ከዚያ ተጣላችሁ።»

ለሁለቱም ትዝ አላላቸውም። ልጅቷ ግን ያን በሶ ስንት ወር ተሸክማው ኖራለች። ዓለሚቱ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «በሶው ከልቤም የለ። አንቺ ያደረግሽው ነገር የለም። ጠቡ የእኔና የአባትሽ ብቻ ነው፤ አንቺ ባትኖሪም እንጣላ ነበር። እያለሽም ተጣላን።»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው» አለ እሸቴ። ከክረምት ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይኸ የመጀመሪያው ነበር።

«ዳኛው ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«ከማን ጋር እንደምትኖሪ ይፈርዳሉ።»

«በምን አውቀው ይፈርዳሉ?»

አባቷ፣ «አንቺን ይጠይቁሻል» አላት።

የሺ ከተማውን አየች፤ ከዚያ አንዴ እናቷን፣ አንዴ አባቷን አየች። «ካልመረጥሁስ? ዝም ብል የሁለታችሁም እሆናለሁ?»

እሸቴ ዱር በነበረ ጊዜ ጥይት በራሱ ላይ ሲያፏጭ አልሸሸም። ይህን ጥያቄ ግን ሊቋቋመው አልቻለም። ልጁ በባላምባራስ ጓሮ፣ ተሟጋች በሞላበት መካከል ቆማ፣ ጣቷን ወደ አንዱ ስትቀስር ታየው። ወደ እናቷ ብትቀስር እሱ ይሞታል፤ ወደ እሱ ብትቀስር ደግሞ ያችን ጣቷን ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳትም። እጁን ወደ ቋጠሮው ሰደደ።

«እሸቴ፣ ምን መሆንህ ነው?» አለች ዓለሚቱ። «ትረታለህ እኮ።»

«ልረታ።»

ቋጠሮው በውርጩ ረጥቦ፣ በመንገዱ ሲሳብ ውሎ ጠጥሯል። በጥርሱ ጭምር ታገለው። የሺ ትንፋሿን ውጣ ተመለከተች። እስካሁን በሕይወቷ ካየችው ሁሉ ትልቁ ነገር እናትና አባቷ መቋጠራቸው ነበር፤ አሁን ግን አባቷ ሲፈታው አየችና ይህ ከዚያ እንደሚበልጥ አወቀች። እንዴት እንደሚበልጥ መናገር አትችልም። አባቷ ለማንም ተረትቶ አያውቅም፤ አያ ሞላ እንኳ ግትርነቱን ይፈሩታል። ያ ሰው ስለ እሷ ሲል ጎንበስ ብሎ ይሸነፋል። ፈራችው፣ ወደደችውም።

ነጠላውና ጋቢው ተለያዩ። «ልጅቱ ካንቺ ጋር ትሁን» አለ እሸቴ። «እኔ ነገ መልሼ ዱር ልገባ እችላለሁ። ዳኛ አያስፈልገንም።»

ዓለሚቱ አሸነፍሁ ብላ አልተደሰተችም። ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየችና፣ «ለገናም ለፋሲካም እኔው ራሴ ደጅህ ድረስ አመጣታለሁ። ስትናፍቅህ ደግሞ እብናት ውረድ። ማንም ክፉ ቃል አይናገርህ፣ ለአባቴም እነግራለሁ» አለች።

«ስለ እኔስ ምን ትነግሪያታለሽ?»

«እውነቱን። ጎበዝ አባት እንዳላት።»

እሸቴ ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷን አቅፎ ሳማት፤ ግንባሯን፣ ጉንጮቿን፣ የወለቁ ጥርሶቿን ድድ ሳይቀር ሳማት። ከዚያ ጋቢውን ደርቦ የመጡበትን መንገድ ተያያዘው። ጉና ከፊቱ ደመናውን ጥሎ ወለል ብሎ ታየ፤ ያን ያህል ተራራ ሥር አባቷ ጥቂት በጥቂት እያነሰ ሄደ። የሺ ማልቀስ ጀመረች። እናቷ ዝም በይ አላለቻትም። አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ያዘች፤ ለመሄድም አልተቻኮለችም።

«ዞሮ አላየኝም» አለች የሺ።

«አዎ፣ አልዞረም።»

«ተቆጥቶኝ ነው?»

«አይደለም። እያለቀሰ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

ዓለሚቱ መንገዱን እያየች ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ባያለቅስማ ዞሮ ያይሽ ነበር» አለች። «አባትሽ ሲያለቅስ ሰው እንዲያየው አይወድም፤ አውቀዋለሁ። ነይ፣ እስኪሰወር ቁጭ ብለን እንየው።»