የቀኙ መቀመጫ

ኤካምባራም የሞተው ከሚስቱ ጋር የሚሸምነው የሠርግ ሳሪ ገና እኩሌታ ሳይደርስ ነው። ጠዋት ከሽመናው ጉድጓድ ወጣና ወገቡን አሸት አሸት አድርጎ «ሻይ ቀምሼ መጣሁ» አለ። ሚስቱ ቫዲቩ መወርወሪያዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በግራ በኩል ባለው መቀመጫዋ ላይ እንዳለች ጠበቀችው። ሻይ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሰዎች ተሸክመውት ሲመለሱ እሷ ገና ከተቀመጠችበት አልተነሳችም ነበር። ልቡ ነው አሉ። ብርጭቆውን እንኳ አልጨረሰም አሉ።

በደቡብ ሕንዷ ከተማ በካንቺፑራም የሠርግ ሳሪ ለብቻ አይሠራም። መሐሉ አንድ ቀለም፣ ጥለቱ ሌላ ቀለም ሆኖ፣ ሁለቱ ክር ለክር እየተቆላለፉ ስለሚሄዱ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ በቀኝ ተቀምጦ መሐሉንና የቀኙን ጥለት ይሠራል፣ ማጉን ይመታል። ሌላው በግራ ተቀምጦ የግራውን ጥለት መወርወሪያ ይወረውራል። ቫዲቩ ከተዳረች ጀምሮ ቦታዋ በግራ ነው። ከባሏ ጋር ፊት ለፊት ተያይተው ካወሩት ይልቅ ጎን ለጎን ሆነው፣ ዓይናቸውን ክሩ ላይ ተክለው ያወሩት ይበልጣል። የልጅ ስም ያወጡትም፣ የተጣሉትም፣ የታረቁትም እዚያው ነው።

አስከሬኑ ከተቃጠለ በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ባል ለሞተባት ሴት በወጉ መሠረት ማድረግ ያለባቸውን አደረጉ። ከፀጉሯ አበባውን አወለቁ፣ ከግንባሯ ቀዩን ነጥብ ጠረጉ፣ የመስተዋት አምባሮቿን ሰበሩ። እሷም እጇን ዘርግታ፣ የሌላ ሰው ክንድ ይመስል ዝም ብላ ታያቸው ነበር።

«አልቅሺ እንጂ» አለቻት ጎረቤቷ ፓቻያማ። «ውስጥሽ ከቀረ በሽታ ነው የሚሆንብሽ።»

«እሺ» አለች ቫዲቩ። ግን አላለቀሰችም። ልጇ ሴልቪ ናት የሁለታቸውንም ያለቀሰችው። ሴልቪ ስልክ በሚገጣጠምበት ፋብሪካ ትሠራለች፤ የሐዘኑ ቀን ሲያልቅ አውቶቡሱ እየመጣ ይወስዳት ጀመር። ቤቱ ውስጥ ቫዲቩና መሸመኛው ብቻ ቀሩ። ሩዝ ትቀቅላለች፣ አሬራ ታፈስበታለች፣ ትበላለች። ምን እንደበላች ቢጠይቋት ግን አታውቀውም።

ነጋዴው ታንጋቬል የመጣው በዚያን ሰሞን ነው። ሐሩንም ወርቀ ዘቦውንም የሚያቀርበው እሱ ነው፣ ያለቀውን ሳሪ የሚወስደውም እሱ። ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባና ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«ኤካምባራም ለኔ ወንድሜ ነበር እህቴ» አለ። «እንዲያ ያለ እጅ ከእንግዲህ ከየት ይገኛል?» አፉ ይህን ይበል እንጂ ዓይኑ የነበረው መሸመኛው ላይ ነው።

«አይጥ እንዳይነካው ሸፍኜዋለሁ» አለች ቫዲቩ።

«አይ፣ እኔ እንኳ ለሱ ብዬ አልነበረም የመጣሁት።»

«ለሱ ነው እንጂ። ሠርጉ ደረሰ?»

ታንጋቬል አንገቱን አከከ። «ደርሷል። የሙሽሪት ቤተሰቦች የትልቁ ከተማ፣ የቼናይ ሰዎች ናቸው። ሲሠራ መጥተን እንይ ብለዋል። እኔ ያሰብኩት ምንድነው፣ ወንድምየው ሙሩጌሳን በቀኝ ይቀመጥና ሚስቱ በግራ ትያዝለት። አንቺ ደግሞ እረፊ።»

«እኔ አልደከመኝም።»

«ስለ ድካም አይደለም። የሠርግ ልብስ ነው፤ መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ በበኩሌ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ግን ሰው ይሰማል።»

ባል የሞተባት ሴት የሙሽራ ልብስ አትነካም ማለቱ ነበር። ቫዲቩ ገብቷታል። ያማል ብላ ጠበቀች፤ አላመማትም። ስለ ማዶ ሰፈር ሰው የተወራ ነበር የመሰላት። «ገባኝ» አለችና ውኃ አቀረበችለት።

ሙሩጌሳን ብቻውን መጣ። የኤካምባራም ታናሽ ነው፤ የእጅ መሸመኛውን ሸጦ አራኒ ከተማ በኤሌክትሪክ የሽመና መኪና በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጥሮ ነበር። ኤካምባራም ያን ጊዜ «ከሸማኔ ቤት የመኪና ዘበኛ ወጣ» ብሎ ሰድቦት፣ ከዚያ ወዲህ አንዱ በሌላው ቤት እህል አልቀመሰም። አስከሬኑ በተቃጠለበትም ቀን ከሰው ኋላ ቆሞ ነው የዋለው።

«ኮኪላስ?» አለች ቫዲቩ፣ ስለ ሚስቱ ስትጠይቅ።

«ኮኪላ መርፌ ላይ ክር ማስገባት የሚያስመርራት ሴት ናት፣ እትዬ። እሷን እዚህ ማስቀመጥ ፍየል ማስቀመጥ ነው።»

ስለዚህ ቫዲቩ እንደወትሮው በግራ ተቀመጠች። ታንጋቬል አላያቸውም፣ እነሱም አልነገሩትም። ሙሩጌሳን ጀመረ። መኪና የለመደ እጅ ነውና ማጉን ሲመታ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፤ ክር ተበጠሰ፣ ቀጠሉት፣ ሌላ ተበጠሰ። ኤካምባራም የሠራው ላይ ጨርቁ ልስልስ ብሎ ተኝቷል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ግን እንደ ቆዳ ድርቅ ብሎ ነበር።

«ፍታው» አለች ቫዲቩ።

«ሁሉንም?»

«ያንተን ሁሉ። ከዚያ ውጣና ወደዚህ ና።»

ሙሩጌሳን አየት አደረጋት። ማጉን እየመዘዙ ፈቱትና ቦታ ተለዋወጡ። በቀኙ መቀመጫ ላይ የባሏ ድሪቶ ትራስ ነበረ፣ በሱ ልክ ጎድጉዷል። ቁመቷ አጭር ስለሆነ እግሯ መርገጫው ላይ በደንብ አልደረሰም፤ በላዩ ጡብ አሰረችበት። ከዚያ ወረወረች፣ መታች። አንዴ ከበድ፣ አንዴ ቀለል፤ ከተዳረች ጀምሮ በጆሮዋ የሰማችው የባሏ ምት ነው፣ እጇ ከየት እንዳመጣው አላወቀችም። ጎረቤቷ ፓቻያማ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች መጣች። በሩ ላይ ቆማ አየች፣ አፏን በሳሪዋ ጫፍ ሸፍና ተመለሰች።

ጥቂት እንደሠሩ ሙሩጌሳን አውራ ጣቱን ጨርቁ ላይ አሳለፈ።

«የሱ እጅ ነው እኮ» አለና ማልቀስ ጀመረ። «እትዬ፣ የሱው እጅ ነው።»

መወርወሪያው እጁ ውስጥ ቆመ። ቫዲቩ ጠበቀችው። አጠገቧ ሰው እያለቀሰ እሷ የምታስበው ወርቀ ዘቦው ላይ እንባ እንዳያርፍ ብቻ መሆኑን ልብ አለች። ይህም አላስገረማትም።

«ወርውር» አለችው።

የቼናይ ሰዎች በሚመጡበት ጠዋት ታንጋቬል ቀድሞ ደወለ። ሙሩጌሳን ከኮኪላ ጋር መሸመኛው ላይ እንዲቀመጥ፣ ኮኪላ አበባ እንድትሰካ፣ ቫዲቩም ከማዕድ ቤት እንዳትወጣ ነገራቸው። ኮኪላ ሠርግ የተጠራች መስላ መጣች። ሙሽሪት፣ እናቷና አያቷ ከመኪና ወርደው ገቡ። ቫዲቩ ማዕድ ቤት ሆና ባሚያ እየከተፈች ድምፃቸውን ትሰማለች።

«ከባድ አይደለም?» አለች ሙሽሪት።

«ለምጄዋለሁ» አለች ኮኪላ።

«እጅሽን እንዲህ አድርጊና እኔ እዚህ ጋ ልቀመጥ። እማ፣ ፎቶ አንሺን።»

ታንጋቬል ስለ ሐሩ፣ ስለ ወርቀ ዘቦው፣ ከአባት ወደ ልጅ ስለመጣው ሙያ ያወራ ነበር። ሲናገር ያምርበታል። አገሩ በዚህ ልብስ ነው የሚታወቀው፣ ሙሽራ ያለዚህ ልብስ ምኗ ሙሽራ ነው ይላል። ቫዲቩ አዳመጠችው፤ ስለማን እንደሚያወራ ግን አላወቀችም።

አያትየው ውኃ ፍለጋ ወደ ማዕድ ቤት ገቡ። ቀጭን አሮጊት ናቸው፣ የለበሱት ሳሪ ጥለት የለውም፣ ግንባራቸውም ባዶ ነው። የቫዲቩን ግንባር አዩ፣ ከዚያ ክር የሞረደውን ጣቷን አዩ።

«ሸማኔዋ አንቺ ነሽ?» አሉ።

ቫዲቩ ቢላዋውን አስቀመጠች። «የባሌ ወንድም ነው፣ እማማ።»

«ያቺ ባለ አበባዋ መወርወሪያውን እንደ ማንኪያ ይዛዋለች።»

«እባክዎ እንዳይነግሯቸው።»

«ማን ይሰማኛል ብለሽ ነው? የሠርጉ ቀን እኔንም ከምሰሶው ኋላ ነው የሚያስቀምጡኝ። የልጄ ልጅ ናት፣ ግን ከምሰሶው ኋላ። ግዴለም፣ እዚያ ማራገቢያ አለ፤ ፊት ያሉት በላብ ይሞታሉ።»

ቫዲቩ ከንፈሯ ሊፈታ ሲል ተሰማት፤ ፈገግታው ግን አልወጣም። ውኃውን ቀዳችላቸው። አያትየው እንደ አገሩ ወግ ኩባያውን ከፍ አድርገው፣ ከንፈራቸውን ሳያስነኩ ጠጡ።

«ጥለቱን ጠበቅ አድርጊው» አሉ ሲመልሱላት። «ልጅቷ ስትሄድ ሰፋ አድርጋ ነው የምትራመደው። የአባቷ እግር ነው።»

ሳሪው አልቆ ከመሸመኛው የተቆረጠ ዕለት ታንጋቬል በር ላይ ወደ ብርሃን ዘረጋው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኑ ሄደበት፣ ገልብጦ ደግሞ አየው። እጅ የተቀየረበትን ቦታ እየፈለገ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። አላገኘውም።

«ሙሩጌሳን፣ እጅህ አልጠፋም ማለት ነው» አለ።

«እኔ በግራ ነበርኩ» አለ ሙሩጌሳን።

ታንጋቬል ሳሪውን አጠፈ፣ እንደገና አጠፈ፣ በወረቀት ጠቀለለው። «እኔ አሁን የሰማሁት ነገር የለም» አለና ወደ ቫዲቩ ዞረ። «የሚቀጥለው ቀይ ነው፣ ጥለቱ አረንጓዴ። ድሩን ነገ እልካለሁ። ሥራውን ማን እንደሚሠራ እኔ አልጠይቅም።»

ሙሩጌሳን ወደ አራኒ መመለሱ ነው። የሥራ ፈቃዱ አልቋል። ሴልቪ ያን ሰሞን «ፋብሪካውን ልተውና በግራ ልቀመጥልሽ» ብላ ነበር። ቫዲቩ «አውቶቡስሽ እንዳያመልጥሽ» ብቻ ነው ያለቻት።

«ባለ አንድ ቀለም አምጣልኝ» አለች ቫዲቩ ታንጋቬልን። «መሐሉም ጥለቱም አንድ የሆነ።»

«እሱማ ርካሹ ነው እህቴ። ሠርግ ላይ ማን ይለብሰዋል?»

«ማንም አይለብሰውም። ቢሮ የሚውሉ ሴቶች ይለብሱታል። ለብቻ የሚሠራ ነው።»

«ይህን የመሰለ እጅ ይዘሽ?»

የመሸመኛውን ትቢያ መጥረግ ጀመረች። ታንጋቬልም ትንሽ ቆሞ ሄደ፤ በማግስቱ ጥቅጥቅ ያለ ደመና የመሰለ ግራጫ ድር ላከላት።

አዲሱን ድር ከአሮጌው ጫፍ ጋር ክር በክር መቀጠል ያስፈልጋል፤ ጣት አመድ ውስጥ እየተነከረ፣ ሁለቱ ጫፎች እየተሹ አንድ ይሆናሉ። ሴልቪ በዕረፍት ቀኗ አጠገቧ ተቀምጣ ታግዛት ጀመር። ውጪ አትክልት ሻጭ እየጮኸ አለፈ።

«እማ» አለች ሴልቪ። «እኔ ስዳር ምንድነው የምለብሰው?»

«ከሱቅ እንገዛለን።»

«የመኪና ሥራ?»

«የመኪናም ያምራል። ይቀላል፣ ሲታጠብም አያስቸግርም።»

ሴልቪ እናቷ የቀለደች መስሏት ሳቀች። ቫዲቩ አልቀለደችም። ጣቷን አመዱ ውስጥ ነከረችና የሚቀጥለውን ክር አነሳች።