የማርቲ አፍንጫ

በየካ ተራራ ሥር ባለ አንድ የምርምር ተቋም ነጭ አይጦችን የምታረባው ታደለች አፍንጫዋን ማመን ከተወች ቆይታለች። ስድስት ዓመት ከአይጥ ጋር የዋለ ሰው የሽንታቸው ሽታ ይለመደዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ጓደኛዋን፣ የተቋሙን ጸሐፊ ማርቲን፣ ትጠራታለች።

«እስቲ አሽትቺልኝ።»

ማርቲ በአይጦቹ ክፍል በር አንገቷን ታስገባና ወደ ኋላ ተመልሳ «ንጹሕ ነው!» ትላለች። ታደለችም መስኮቱን እንደተዘጋ ትተወዋለች፤ የእንጦጦ ብርድ ግልገሎቹን ይፈጅባታላ። ከአይጦቹ ሥር የሚነጠፈውን ሰጋቱራም የምትቀይረው በሳምንት አንዴ ነው።

በ2001 ዓ.ም. ሐምሌ አንድ የእንስሳት ሐኪም ሊጎበኝ መጣ። ገና ደፉን ሲረግጥ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እዚህ ውስጥ እንዴት ይተነፈሳል? የአይጦቹ ሳንባ አልቋል እኮ!»

ታደለች ቢሮ ገብታ ማርቲን አፋጠጠቻት። «ንጹሕ ነው ስትይኝ አልነበር?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ስለማያስችል ትንፋሼን ይዤ ነበር የማየው።»

«ዓመት ሙሉ?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

«እንዳይከፋኝ! አይጦቼን አፍነሽ ጨረስሽብኝ እኮ!»

ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አላት። ማርቲ ከፋሲካ ወዲህ መዝሙር ላይ ከጎኗ ቆማ አታውቅም። የታደለች ድምፅ ቀጠነ።

«እኔስ? እኔም እሸታለሁ?»

«ኧረ በኢየሱስ ስም! ምንም አትሸቺም» አለችና ማርቲ ጥምጥም ብላ አቀፈቻት።

ታደለች ማርቲ እስክትተነፍስ ጠበቀች። የማርቲ ደረት አልተነቃነቀም።