ጩጬዋ በፎርማጆ ዋጋ

የእህቴ ልጅ ለሳምንታት የተመዘነችው እንደ ፎርማጆ ነው። ይህን ሰምቶ ፊቱን የሚያጨማድድ ካለ ቀድሞ የእህቴን አማት ይተዋወቅ፤ ከዚያ በኋላ ልጅን በምንም ብንመዝን አይፈርድብንም።

እቤት ውስጥ ጄኔራሏ እንላታለን፣ እሷ በሌለችበት ማለቴ ነው። ልጅቷ ስትወለድ ከሲታ ነበረች። ጄኔራሏ ገና ሆስፒታሉ አልጋ አጠገብ ቆማ ይቺ ልጅ በማን ወጣች ብላ ጠየቀች። ሳምንት ሳይሞላ የእህቴ ወተት ውሃ ነው አለች። እህቴ ወደ ሥራ ስትመለስ ደግሞ ጥፋቱ የሥራው ሆነ፤ ቀኑን ሙሉ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሽ ሬጅስተር ላይ ተጎልታ የምትውል እናት ምን ወተት ይኖራታል? በመጨረሻ ፍርዱ መጣ፦ ልጅቷ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልወፈረች እህቴ ሥራዋን ትለቃለች። ባሏን አንተስ ምን ትላለህ ብንለው እናቱን አየና "እማዬ ታውቃለች" አለ። ይህ ሰው ዝናብ ይዘንብ እንደሆነ ቢጠየቅ እንኳ እናቱን ሳያይ አይመልስም።

እህቴ ግን ሥራዋን ከልቧ ትወዳለች። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትቀልድ ሰልፉ በሙሉ ይስቃል፤ ካገባች ወዲህ እቤቷ ውስጥ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም።

ጤና ጣቢያው ልጅ የሚመዝነው በወር አንዴ ነው፣ ለዚያውም ወረፋው ከደረሰ። እህቴ ያን ያህል መጠበቅ አቃታት። ልጇን በእጇ አንስታ ታወርዳለች፣ ከዚያ "ከትናንት አልከበደችም?" እያለች ታደርቀኛለች። እኔ ደግሞ የምሠራው እዚያው ሱፐርማርኬት፣ የፎርማጆና የሞርታዴላ ባንኮኒ ላይ ነው። አፍንጫዬ ሥር ቅንጣት የማይስት ሚዛን ተገትሯል። ታዲያ ምን አስለፋን?

ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ሳይከፈት ሚዛኑን በአልኮል እወለውላለሁ፣ ንጹሕ ወረቀት አነጥፋለሁ፣ የወረቀቱን ክብደት አስቀንሼ ጩጬዋን ራቁቷን አጋድማታለሁ። ሚዛኑ ግን ምን እንደተጫነበት ካልነገሩት ስቲከር አያወጣም፣ ሕፃን የሚል ቁልፍ ደግሞ የለውም። መጀመሪያ ቀን ሞርታዴላውን ልጫን ስል እህቴ እጄን ያዘችኝ።

"ልጄን ሞርታዴላ ልትያት ነው?" አለች፣ እንባዋ ሊመጣ ደርሶ።

አንጀቴን በላችኝ። ከዕቃው ሁሉ ውዱን፣ ብዙ የቆየውን ፎርማጆ ተጫንኩ። እኛ ርካሽ ልጅ አልወለድንም።

ስቲከሩ ላይ ኪሎውና ዋጋው በደቃቅ ቁጥር ይጻፋል፣ ከሥሩ ባርኮድ አለ። እንደ ብስኩት ባርኮድ አይደለም። ብስኩት ሁሉም አንድ ዋጋ ነው፤ የተቆረጠ ፎርማጆ ግን እያንዳንዱ የራሱ ዋጋ ስላለው ሚዛኑ ሒሳቡን ሠርቶ እዚያው መስመሮቹ ውስጥ ይከተዋል። ካሸሯ ስታስነብበው ማሽኑ ስለ ኪሎ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ፎርማጆ፣ ይህን ያህል ብሎ ያርፋል።

ስቲከሩን ለጄኔራሏ ብናሳያት መነጽሯን እንኳ ለማውጣት አልደከመችም። እህት ለእህቷ ብላ ያወጣችውን ወረቀት እንደማታምን ነገረችን። ካሽ ሬጅስተሩ ግን የማንም ዘመድ አይደለም፣ እሱ ይናገር አለች። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ጩጬዋን እስከ ማታ ልትይዛት ስትመጣ ስቲከሩን ይዛ እንደ ገበያተኛ ትሰለፋለች። እህቴ ታስነብባለች፣ ዋጋው በትልቁ ስክሪን ላይ ይመጣል፣ ጄኔራሏ አፍጥጣ ታየዋለች፣ እህቴ ትሰርዘዋለች። ዋጋው ከጨመረ ልጅቷ ጨምራለች ማለት ነው። ሰማንያዎቹን አልፈን ዘጠናዎቹ ውስጥ ገባን። ጄኔራሏ ግን በየሳምንቱ ፎርማጆ ተወዶ ይሆናል ትላለች።

የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ደረሰ። ጩጬዋን ገና ሳጋድማት ሸናችብኝ። ወለወልኩ፣ ወረቀት ቀየርኩ፣ እንደገና መዘንኳት። ሽንቷን ጨርሳም ካለፈው ሳምንት በደንብ ጨምራለች። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ሆዷን ሳምኳት፣ ስቲከሩንም ለእህቴ ሰጠኋትና ወደ ሥራዬ ዞርኩ።

ሱቁ ሲከፈት ጄኔራሏ ጩጬዋን በአንድ ክንዷ ታቅፋ ስቲከሩን አቀበለች። እህቴ አስነበበችው። ማሽኑ ጢጥ አለ። ስክሪኑ ላይ የመጣው፦ ፎርማጆ፣ ሠላሳ ሁለት ሳንቲም።

እህቴ ሰርዛ ደገመችው። ሠላሳ ሁለት ሳንቲም።

"አለቀች" አለች ጄኔራሏ። "ልጅቷ አለቀች። ውሃ ነው የምታጠቢያት አላልኩሽም?"

ይህን የምትለው ጉንጯ እንደ ዳቦ የተነፋ ልጅ ታቅፋ ነው፤ እየከበደቻት ከግራ ወደ ቀኝ እያዘዋወረቻት። ሰልፉም እንዳለ አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ስክሪኑን ያያል። እህቴም ብትሆን ያን ጠዋት ልጇን ተሸክማ ነው የመጣችው። ግን ወር ሙሉ ለዚያ ስክሪን ስትሰግድ ከርማ አሁን ይዋሻል ለማለት አፍ አጣች። ጩጬዋ ማልቀስ ስትጀምር የእህቴ ወተት ሸሚዟን አራሰው። የደንብ ልብሷን ቁልፍ መፍታት ጀመረች።

"በቃ፣ እለቃለሁ" አለች።

ቢላዬን ባንኮኒው ላይ ጥዬ ሮጥኩ፤ ቢላውን የጣልኩት ራሴን ስለማላምን ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን ቀደመኝ። ሰልፉ ለምን ቆመ ብሎ ሲጠይቅ ጄኔራሏ ሁሉንም ዘረገፈችለት፤ ሚዛኑን፣ ቅዳሜውን፣ የልጅቷን ራቁትነት ጭምር። ሰውየው ክው አለ።

"ሕፃን? ፎርማጆ በምንመዝንበት?"

"በአልኮል እወለውላለሁ፣ ጋሼ" አልኩት። ሽንቱን አላነሳሁበትም።

ሁለታችንም ዕቃችንን ሰብስበን እንድንወጣ አዘዘና ስቲከሩን ለማስረጃ ነጠቀ። ከዚያ አየው። ስክሪኑን አየ፣ ተመልሶ ስቲከሩን አየ። በደቃቁ ቁጥር የተጻፈው መቶ ከሠላሳ ሁለት ሳንቲም ነው፤ ስክሪኑ ላይ መቶው የለም። ሰውየው ወደ ባንኮኒዬ ሄደ፣ ትልቁን ድፍን ፎርማጆ አቅፎ ሚዛኑ ላይ አወጣው፣ የወጣውን አዲስ ስቲከር ይዞ ተመለሰና ራሱ አስነበበው። ድፍኑ ፎርማጆ በአንድ ፓኬት ማስቲካ ዋጋ ወጣ።

"ባርኮዱ ለዋጋ ያለው ቦታ ሳንቲሙን ጨምሮ አራት አኃዝ ብቻ ነው" አለ። "ከመቶ ሲያልፍ መቶው ይቆረጣል።"

በየሳምንቱ ድፍን ፎርማጆ የሚገዛ አንድ የሆቴል ምግብ አብሳይ አለ። እንደ እሱ ያለ ትሑት ደንበኛ አይቼ አላውቅም፤ ሲወጣ ሁላችንንም መርቆ ነው። ለካ ወዶ አይደለም የሚመርቀን። ሥራ አስኪያጁም ያስታወሰው እሱኑ መሆን አለበት፣ የማስቲካው መደርደሪያ ላይ ተደገፈ።

"ፎርማጆህን ተወውና ስለ ልጄ ንገረኝ" አለችው ጄኔራሏ። "ምን ማለት ነው?"

"ከመቶ አልፋለች ማለት ነው፣ እማማ" አላት። "ማሽኑ አልቻላትም።"

ጄኔራሏ ጩጬዋን ከክንድ ወደ ክንድ አዘዋወረቻት፣ አሁን ግን ቀስ ብላ፣ እየመዘነቻት። ከዚያ እህቴን አየቻት፤ የራሰ ሸሚዟን፣ የተፈቱ ቁልፎቿን፣ ፊቷን። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

"ነይ ልጄ፣ ተቀበይኝ" አለቻት። ልጄ ስትላት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። "አጥቢያትና ሥራሽን ቀጥዪ። ከሰኞ ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ።"

እህቴ እዚያው ወንበሯ ላይ ልጇን ታቅፋ ታጠባ ጀመር። ታለቅሳለችም፣ ትስቃለችም። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደረግ። ሥራ አስኪያጁ ከተደገፈበት ነቅቶ ይህ የሥራ ቦታ መሆኑን፣ እኛም መባረራችንን ሊያስታውሰን አፉን ከፈተ። ጄኔራሏ ኮቷን በሁለት እጇ እንደ መጋረጃ ዘርግታ ከእህቴ ፊት ቆመች።

"ወደዚያኛው ሂዱ" አለች ለሰልፉ። "ይሄኛው ተይዟል።"

ሰልፉ ወደ ሌላዋ ካሸር ዞረ። ሥራ አስኪያጁም ስቲከሩን እንደያዘ ከኋላ ተሰለፈ።