ኮልፌ በሙሉ ፈቀደ ስትሆን

አለቃዬ ደግፌ ተሳስተሃል ሲሉት የሰደቡት የሚመስለው ሰው ነው። ቢሯችን ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከሥጋ ቤት በላይ ነው። ሁለት ነን፤ እሱ ያዛል፣ እኔ ኮድ እጽፋለሁ፣ ቀኑን ሙሉ እንጨቃጨቃለን።

የዚያን ሳምንት ሥራችን የጋሽ ነገሬ ፎቶዎች ነበሩ። ጋሽ ነገሬ እዚያው ኮልፌ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ፎቶ ቤት አላቸው፤ የሰፈሩን ሰው ሲዳር፣ ሲመረቅ፣ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ያነሱት እሳቸው ናቸው። ሱቁን ሊለቁ ስለሆነ ሁሉም ፎቶውን የሚያገኝበት ዌብሳይት እንድንሠራ ኮምፒውተራቸውን አመጡልን። ፎቶዎቹ ከወጡ በኋላ ኮምፒውተሩን ደግፌ እንዲያስቀረው ተስማምተዋል። አብረዋቸው እማማ ሸዋገነት መጥተው ነበር። የባለቤታቸው የጋሽ ሰብስቤ ሙት ዓመት እሁድ ነው፤ የሟቹ ፎቶ ደግሞ ከዚያ ኮምፒውተር በቀር የትም የለም። «ልጄ ሌሊሴ፣ አደራ እንዳታጠፉብኝ» ብለውኝ ሄዱ።

ደግፌ ኮዱን ራሱ ጻፈው። እያንዳንዱ ፋይል አድራሻ አለው፤ መጀመሪያ የተቀመጠበት ፎልደር፣ መጨረሻ ላይ የራሱ ስም። የደግፌ ኮድ አድራሻውን ጥሎ የመጨረሻዋን ስም ብቻ ያወጣና ፎቶውን በዚያው ስም ወደ አንድ አዲስ ፎልደር ይገለብጠዋል። ሲያልቅ ከፈትነው። አንድ ፎቶ ብቻ አለ። ከረባት ያሰረ፣ ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን።

«ሌላውስ?» አልኩት።

«ድግግሞሽ ነበራ! የሁሉም ስም አንድ ነው፣ አየሽ? ጸዳልን። በይ አሁን ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጊው፣ ያለበት ሁሉ ይጥፋ።»

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። የጋሽ ነገሬን ልማድ ሰፈሩ ያውቀዋል። ለእያንዳንዱ ደንበኛ በስሙ ፎልደር ይከፍታሉ፤ ካነሱት ውስጥ ያማረውን አንዱን «ዋናው» ብለው ያስቀምጡና የቀረውን ያጠፋሉ። የሰውየው ስም ያለው ፎልደሩ ላይ ነው። ኮዱ «ዋናው» የሚለውን ስም ብቻ እያወጣ፣ አንዱን ደንበኛ በሌላው፣ ሀያቱን በሉሲ፣ ሉሲን በምህረት እየደመሰሰ መጨረሻው ፎልደር ድረስ ሄዷል። ኮልፌ በሙሉ ፈቀደ የሚባል ሕፃን ሆነች።

አስረዳሁት። «ዋናዎቹ ኮምፒውተሩ ላይ ናቸው፤ ፎርማት ካደረግነው ግን አለቀላቸው። ኮዱን ላስተካክለው፤ የፎልደሩንም ስም ይዞ ይውጣ።»

«የኔን ኮድ አንቺ አታርሚውም። ስም ማውጣት ካላወቁ ጥፋቱ የራሳቸው ነው። ወይ ፎርማት አድርጊው፣ ወይ ቦርሳሽን ያዢ።»

እንዲህ የሚለኝ ሰው አልተፈጠረም ልል ነበር፤ ተፈጥሮ ፊቴ ቆሟል። ሶኬቱን ነቀልኩ። የኮምፒውተሩን ጎን ከፍቼ ፎቶዎቹ ያሉበትን ሃርድ ዲስክ አወጣሁ።

«የቢሮ ንብረት ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ሳጥኑ ያንተ ነው፣ ይኸውልህ። ሰዎቹን ግን ማንም አልሰጠህም።»

ፈርቼ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ። የቤት ኪራዬን የምከፍለው በዚያ ሥራ ነው። ቢሆንም ቦርሳዬን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ፤ ታክሲ ውስጥም ዲስኩን በሻርፔ ጠቅልዬ ታቅፌው ሄድኩ።

ፎቶ ቤቱ ደርሼ የሆነውን ስነግራቸው ጋሽ ነገሬ እማማ ሸዋገነትን ደውለው አስጠሩልኝ። ዲስኩን ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት።

«ማንን ልክፈትልዎ እማማ?» አልኳቸው፣ እያወቅኩ።

«ሰብስቤን።»

ጋሽ ሰብስቤ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሰፊ ኮት ለብሰው፣ ሳቃቸውን አፍነው ቆመዋል። እማማ ሸዋገነት ወደ ስክሪኑ ተጠጉ።

«ኮቱ የወንድሙ ነው» አሉ፤ ከዚያ እንባቸው መጣ።

ስልኬ ጮኸ። ደግፌ ነበር።

«ማነው?» አሉ ጋሽ ነገሬ።

«የድሮ አለቃዬ» አልኩና ዘጋሁበት።