ግማሽ መቀስ

ቪዲዮ አንሺው ጋሽ ካሜራ ካረፉ በሦስተኛው ወር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ልጃቸው ልብስ ሰፊዋ የጠጋኙን በር አንኳኳች። በእጇ በአሮጌ ሸሚዝ እጅጌ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

ጠጋኙን በሰፈሩ በስሙ የሚጠራው የለም። ኮምፒዩተር ይጠግናል፣ ስለዚህ ጠጋኙ ነው። ብቻውን ይኖራል፣ ብቻውን ይበላል፤ አንድ ሐሳብ ይዞት ጭልጥ ሲል የጣደው ሻይ ስንቴ አርሮበታል። ጎረቤቶቹ «እጁ ወርቅ፣ ቀጠሮው ጉም» ይሉታል። ሰምቶ ይስቃል እንጂ አይቀየምም፤ እውነት ነዋ።

ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን ስትፈታ ዕቃውን ገና በሩቁ አወቀው። ራሱ የገጠመው ዲስክ ነው። በጎኑ ላይ በራሱ እጅ የተጻፈ «ቀኝ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ቀኙ እዚህ ከሆነ ግራው የት ነው?

«ባዶ ነው» አለች ወንበር ሳትስብ። «ወንድሜ ባዶውን ነው የሰጠኝ።»

ከዚያ ተቀምጣ ነገሩን ከሥሩ አወራችው። አባቷ ከሞቱ በኋላ ንብረቱን ያካፈላቸው አጎታቸው ነው፤ በሚዛናዊነቱ የሚኮራ፣ ጎዶሎ ማንኪያ ቢተርፍ ለሁለት ከመቁረጥ የማይመለስ ሰው። ወንበር በወንበር፣ ድስት በድስት አካፍሎ ሲጨርስ የአባቷን ኮምፒዩተር በቢላ ጫፍ ፈታና ግራውን ዲስክ ለወንድሟ ለሾፌሩ፣ ቀኙን ለእሷ ሰጠ። ባዶ ሳጥኑንም «ለድካሜ» ብሎ ለራሱ ወሰደ። እሷ ዲስኩን ጎረቤት ወስዳ ብታስሰካው ኮምፒዩተሩ «ይህ ዲስክ ገና አልተዘጋጀም፣ ላዘጋጀው?» ብሎ ጠየቀ። ሳትለካ የማትቆርጥ ሰፊ ናትና እንቢ አለች። ወዲያው ለወንድሟ ደወለች፤ እሱ ግን ሳትጨርስ ከአፏ ነጠቃት፤ «ባዶውን ለእኔ ሰጥተሽ ደግሞ ትደውያለሽ?» አላት። ሌባ አለችው፣ ሌባ አላት። ይኸው ሁለት ወር፣ እሱ እናቱን ሊጠይቅ በፊት ለፊት ሲገባ እሷ በጓሮ ትወጣለች።

በዲስኩ ላይ ያለችው ደግሞ እናታቸው ናት። አምና የመታት ሕመም ቀኝ ጎኗንና ምላሷን ይዟታል፤ ድምፅ ይወጣታል፣ ቃል አይወጣትም። ንግግር የምታለማምዳት ሐኪም የራሷን የድሮ ድምፅ አምጡላት ብላለች። ራሷን ስትሰማ ምላሷ መንገዱን ሊያስታውስ ይችላል፤ ሲቆይ ግን እየከበደ ይሄዳል። ጋሽ ካሜራ ከሕመሙ በፊት ሚስታቸውን በየእሑዱ መስኮት ሥር አስቀምጠው የልጅነቷን፣ የትዳሯን ነገር ሲያስወሯት ነበር። ያ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

ጠጋኙ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጋሽ ካሜራ መጥተው፣ ቪዲዮ ኤዲት ስሠራ ምስሉ እንደ ሰከረ ሰው ይደናቀፍብኛል ብለው አማረሩ። እሱም ሁለት ዲስኮች ገዝቶ እንደ አንድ አጣመራቸው። እያንዳንዱ ፊልም በቀጭን በቀጭኑ ይከተፍና አንዱ ክታፍ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ስለሚሠሩ ፍጥነቱ እጥፍ ነው። ጋሽ ካሜራ ምስሉ እንደ ውሃ ሲፈስ አይተው ግንባሩን ሳሙት። ያኔ ያልነገራቸው አንድ ነገር ነበር፦ ከሁለቱ አንዱ ከጠፋ ሁለቱም ጠፉ። ደስታቸውን ማደፍረስ ከበደውና «ለመጠባበቂያ ሦስተኛ ዲስክ ያስፈልገዋል፣ ነገ አመጣለሁ» ብሎ ብቻ ወጣ። ያቺ ነገ ሁለት ዓመት ሞላት።

ዲስኩን ከራሱ ኮምፒዩተር ጋር አገናኘና የተረፈ ነገር ካለ የሚለቅም ፕሮግራም አስነሳ። ፊልሞቹ ሁሉ ብጥስጥስ ናቸው፣ አንዱም አይከፈትም። አንድ ክታፍ ውስጥ መግባት የሚችሉ ትንንሽ ጽሑፎች ብቻ በሕይወት ወጡ። ከእነሱ አንዱን ከፈተው። የጋሽ ካሜራ ማስታወሻ ነበር፦

«ጠጋኙን ስለ ሦስተኛው ዲስክ ጠይቅ። ነገ ብሏል።

ጠጋኙን በድጋሚ ጠይቅ። በዚህ ሳምንት ብሏል።

ልጁ ሥራ በዝቶበታል። አላስጨንቀው።»

ሦስተኛው መስመር ላይ ዓይኑ ቀረ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ምን አገኘህ ብላ ጠየቀችው። ማያ ገጹ ወደ እሱ እንጂ ወደ እሷ አልዞረም። ዲስኩ ተቃጥሏል ቢላት ታምነዋለች። አባትሽ ናቸው እንዲህ አድርግ ያሉኝ ቢላትም ታምነዋለች፤ ሙት ወጥቶ አይሟገት። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን የሸሚዙን እጅጌ ጉልበቷ ላይ እያጠፈች እየዘረጋች፣ ወንድሟ ሆን ብሎ እንዳጠፋው ልቧ እንደነገራት፣ እናታቸው ብትሞት እንኳ ካንድ ድንኳን ሥር እንደማትቀመጥ ተናገረች። ውሸቱ ሙት ላይ ብቻ የሚያርፍ መስሎት ነበር፤ ለካ የሚያርፈው በሕይወት ባለ ሰው ላይ ነው።

ማያ ገጹን ወደ እሷ አዞረው።

አነበበች። ሦስት መስመር ለማንበብ የማይፈጅ ጊዜ ፈጀባት።

«አንድ መቀስ ነው ለሁለት የተካፈላችሁት» አላት። «ግማሽ መቀስ አይቆርጥም። ባዶ የሰጠሽ የለም፣ አንቺም ባዶ አልሰጠሽውም። ይህን ለአባትሽ መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። መጠባበቂያውንም ሳላመጣ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«ወንድሜን ሌባ ብዬዋለሁ እኮ» አለች፣ ለእሱ ሳይሆን ለእጅጌው። ከዚያም፣ «ደውልለት። እኔ ብደውል አያነሳም።»

ደወለ። ሾፌሩ ባዶ ዕቃ ተሸክሜ የምዞር አህያ አይደለሁም ብሎ ሊዘጋ ሲል፣ ጠጋኙ ባዶ አይደለም ጋሼ፣ ምንም ሳይነኩት ብቻ ይምጡ አለው። ከዚያ በኋላ ያለፈው አንድ ሰዓት ለጠጋኙ እንደ ሰዓት አላለፈም። ዲስኩን የሰካበት ኮምፒዩተር «ላዘጋጀው?» ብሎ ሾፌሩንም ጠይቆታል፤ እሺ ከተባለ ደግሞ ያለበትን ሁሉ ይደመስሳል። እሱ ደግሞ መንገድ ላይ ቀይ መብራት እንኳ የማይጠብቅ ሰው ነው። እሺ ብሎ ዘፈን ሞልቶበት ከሆነ እናትየዋ አበቃላት።

ሾፌሩ መጣ። እህቱን ሲያይ በሩ ላይ ቆመ። ጠጋኙ መጀመሪያ ለእሷ የተናገረውን አንድም ሳያስቀር ለእሱም ተናገረ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አልቀለለውም። ከዚያ፣ ኮምፒዩተሩ «ላዘጋጀው?» ሲልዎ እሺ ብለውታል ወይ አለው።

«ምን በወጣኝ!» አለ ሾፌሩ፣ በማሸጊያ ፕላስተር ዙሪያውን የተጠመጠመ ፌስታል ጠረጴዛው ላይ እያኖረ። «ማስረጃ ነው ብዬ እኮ ነው ያሸግኩት። አጎታችን ፊት አውጥቼ ላዋርዳት።»

ቂም ሰው ሲያተርፍ ጠጋኙ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አየ። ፍቅር ቢሆን ኖሮ ነካክቶ ያጠፋው ነበር።

ግራውን በግራ፣ ቀኙን በቀኝ ሰካ። የፊልሞቹ ዝርዝር ከነቀኑ ተደርድሮ ወጣ፣ ልብስ ሰፊዋም ትንፋሿን ለቀቀች። ጠጋኙ ግን አልለቀቀም። ከግራው ዲስክ ውስጥ ድምፅ ይሰማል፤ ጠቅ፣ ዝም፣ ጠቅ። ሁለት ወር ሙሉ በመኪናው መሳቢያ ውስጥ ኮረኮንች ሲንጠው ከርሟል። እንዲህ ያለው ዲስክ አንዴ ከጠፋ ተመልሶ ላይነሳ ይችላል፤ የያዘው ሁሉ አሁኑኑ ወደ ሌላ መገልበጥ አለበት።

ሾፌሩ ዲስክ የሚሸጠው ሱቅ ነገ ይከፈት የለም እንዴ አለ።

ያችን ቃል ከጠጋኙ በላይ የሚያውቃት አልነበረም። ዓይኑን ወደ ራሱ ዲስክ መለሰ። የአምስት ዓመት ቀረጻ አለበት፤ ከመስኮቱ ሆኖ ያነሳው፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ ሽቦ ላይ የሰፈሩ ወፎች፣ መንገድ የሚሻገሩ እግሮች። አንድ ቀን ፊልም አደርገዋለሁ ብሎ ለማንም ሳይናገር ያጠራቀመው። ቦታ ያለው እሱ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ «ሁሉም ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነህ?» አለው። እሺ አለ። ወንድምና እህት ምን እንደጠፋ አላወቁም፣ እሱም አልነገራቸውም።

የመጀመሪያው ፊልም ተገልብጦ እንዳለቀ ልብስ ሰፊዋ ክፈተው አለች። እናታቸው መስኮት ሥር ተቀምጣለች፣ ሻርፗን እያስተካከለች ትስቃለች።

«አጥፋው እባክህ» አለች ጥርት ባለ ድምፅ። «ምን የሚታይ አለኝ?»

ሾፌሩን ሳቅ አመለጠው፤ ሳቁ ሳያልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልብስ ሰፊዋ ቤት ደወለች፤ እናትየዋን የምትጠብቀው ጎረቤት ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንድታደርግላት ነግራ የራሷን ስልክ ከድምፅ ማጉያው አስጠጋች። እጇ ሲደክም ወንድሟ ምንም ሳይል ስልኩን ተቀበላትና እሱ ያዘው። ከወዲያ በኩል የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ግን ትንፋሹ ቀርቦ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጠጋኙን ማስታወሻውን ካነበበች ወዲህ አንዴም ቀና ብላ አላየችውም።

እሱም ምስሉን አያይም። የሚያየው የግልበጣውን ቁጥር ነው፤ ከመቶው ሠላሳ አንድ ላይ ደርሷል። ጆሮው ግራው ዲስክ ላይ ነው። ጠቅ ሲል ይሰጋል፣ ዝም ሲል ይብስ ይሰጋል።