ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ተኩል

ወይም ደግሞ ዝም ብዬ ልቀመጥ፣ መቀመጥም ሥራ ነው ብሏል ጥሩሰው፣ ወንበሩ አለ፣ ጠረጴዛው አለ፣ ላፕቶፑ ተከፍቷል፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ከአራት ደቂቃ ይላል፣ ፊቴን ታጥቤያለሁ፣ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌያለሁ፣ ስልኬ ኩሽና ነው ያለው፣ ድስት ውስጥ፣ ክዳኑን ከድኜበት፣ እንዳያምረኝ። ሁሉም እንደ ድሮው ነው። ድሮ ስል ከሃያ ሦስት ቀን በፊት ማለቴ ነው። ሃያ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩም፣ ይህን የምናገረው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፣ እንደ መረጃ ነው።

ማራኪ ሽብሩ፣ አርባ አንድ ዓመት፣ የአማርኛ መምህርት፣ ነዋሪነቷ ሆሳዕና፣ የጋብቻ ሁኔታ ያላገባች፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ሁለት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት አራተኛ ዓመቱ ላይ ያደረሰች። ርእሱ ቆንጆ ነው፣ ማንም አይክደውም፣ ቤታቸው ከምባትኛ የሚናገሩ ተማሪዎች በአማርኛ ሲጽፉ አንዱን ዐረፍተ ነገር ከሌላው እንዴት እንደሚያያይዙት። ከአንጋጫና ከዱራሜ መቶ ሃያ የተማሪ ድርሰት ሰብስቤያለሁ፣ ሁለት ዓመት ቁም ሳጥን ላይ አቧራ ጠጥቷል። ለመጻፍ ስቀመጥ የማላርመው ደብተር አይኖርም፣ የማላጥበው ምንጣፍ አይገኝም፣ ደግሞ ስልኩ አለ፣ እስቲ አንዴ ብቻ ቴሌግራም ልይ እላለሁ፣ ሳየው ስምንት ሰዓት ሆኗል። ሰኔ ሠላሳ የመጨረሻው ነው፣ ከዚያ ወዲያ ማራዘሚያ የለም፣ ደብዳቤው ላይ ማኅተም አለበት።

ጥር ላይ ነው ጥሩሰው ሥልጠና የሰጠን። ምክትል ርእሰ መምህራችን ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ስሙ ራሱ ነገሩን ጨርሶታል፣ ፕሮጀክተር ተክሎ ፕሮዳክቲቭ ስለመሆን ሁለት ሰዓት አወራልን፣ ትንሽ ጀምሩ፣ ግን በየቀኑ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ እጃችሁ ሳያስብ እስኪሄድ ድረስ፣ ሰበብ በር ያንኳኳል፣ አትክፈቱለት። ኋላ ወንበር ላይ ሆነን ሳቅን። ሰበብ መጣ፣ በሩን ዝጉ፣ እየተባባልን አንድ ሳምንት ቀለድን። እኔ ግን በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣሁ፣ ከጥሩሰው በቀር ለማንም አልተናገርኩም፣ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ፣ የግድግዳው ካላንደር ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግኩ። በሁለተኛውም ቀን። በዐሥረኛው። እምነት አልነበረኝም፣ ደስታም አልነበረም፣ እንደ ጥርስ መፋቅ ነበር፣ ግን ገጹ ይጨምራል፣ ይሄ ነገር እየሠራ ነው እንዴ ጃል፣ ስል ስድሳ አንድ ኤክስ ሞላሁ።

አባባ ከጥቅምት ጀምሮ እኔ ጋ ናቸው። እማዬ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን አንጋጫ መቀመጣቸው አልሆነም፣ ወንድሜ ሚክያስ ዱራሜ ቤቱ በልጅ ተጨናንቋል፣ እኔ ሁለት ክፍል አለኝ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ ዐርባውን ዓመት ገበያው ዳር ልብስ ሲሰፉ ነው ያሳለፉት፣ ግማሹ የአንጋጫ ሰው በእሳቸው ሱሪ ነው የዳረውም የተዳረውም። አባባ፣ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ተኩል አይጥሩኝ፣ አልኳቸው፣ ማፈሬ አልቀረም፣ አባትን አይጥሩኝ ማለት። እሳቸው ግን ደስ አላቸው። ሥራ ላይ ያለ ሰው አይጠራም፣ ቀና ሲል መርፌው ይስታል፣ አሉኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አልጠሩኝም፣ ሳላቸውን እንኳ በጋቢያቸው አፍነው ነው የሚስሉት።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። አራተኛው ምዕራፍ፣ ሄዶ የማያውቀው፣ የዚያን ቀን ሄደልኝ፣ የአንዲት ልጅ ድርሰት ነው፣ ዐረፍተ ነገሯን ሁሉ ከዚያ በኋላ፣ ከዚያ በኋላ፣ እያለች የምታያይዝ፣ ለምን እንደሆነ ድንገት ገባኝ፣ ጣቴ ሐሳቤን እየቀደመ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ድምፅ ሰማሁ። ትልቅ አይደለም። ውኃ የሞላ ጄሪካን ሲወድቅ የሚያሰማው ዓይነት፣ ደፍ። ሰዓቱን የማውቀው ዐይኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ ስለነበረ ነው። የጎረቤት ጄሪካን ነው አልኩ። አባባ ይሆኑ እንዴ የሚል ነገርም በአእምሮዬ አልፏል፣ ይህንን መካድ አልችልም፣ አለፈ፣ አላስቆምኩትም። ከፈለጉኝ ይጠሩኛል አልኩ። አይጥሩኝ ያልኳቸው ሰው ማለት ነው። ጆሮዬን አቀናሁ፣ የጠራኝ የለም፣ ተነሥቼ ልይ አልኩ፣ ቆይ ብነሣ የያዝኩት ይጠፋል አልኩ፣ ስድሳ አንድ ቀን ስሠራው የነበረው ደግሞ ይኸው ነው፣ አለመነሣት፣ እጄ ሳያስብ ቀጠለ።

ሁለት ገጽ ተኩል። በአንድ ጠዋት። እንዲያ ጽፌ አላውቅም።

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ስልኩ ድስቱ ውስጥ ሆኖ ጮኸ፣ ተነሣሁ፣ አጠፋሁት፣ መጀመሪያ ሻይ ጣድኩ፣ እውነቱ ይኸው ነው፣ ሻይ ጣድኩ፣ ከዚያ በራቸውን አንኳኳሁ። አልጋውና በሩ መካከል ሲሚንቶው ላይ ነበሩ፣ በግራ ጎናቸው፣ ጋቢውን ከአልጋው ጎትተው እግራቸው ላይ ጣል አድርገውታል፣ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ቀና ብለው አዩኝ። ጨረስሽ? አሉኝ።

ጨረስሽ።

ሆስፒታል ዶክተሩ መቼ ነው የወደቁት ሲል አባባ ቀደሙኝ፣ አሁን ነው፣ ሲነጋጋ፣ ልጄ ወዲያው ደረሰችልኝ። ዶክተሩ ጻፈው። እኔ አላረምኩትም፣ የሰው ጽሑፍ ማረም እንጀራዬ ነው፣ ያንን አላረምኩትም። የዳሌ አጥንት ነው፣ ብረት ገባለት፣ ከሰዓት በኋላ ሚክያስ ከዱራሜ ሚኒባስ ይዞ ደረሰ፣ አቅፎ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ፣ እንኳንም ቤት ነበርሽ ማሬ፣ ብቻቸውን ቢሆኑኮ አለቀ ነበር። አዎ አልኩ። ሚስቱ ሐዳሳም አለች፣ የአጥሚት ቴርሞስ ይዛ፣ አንቺን የመሰለ ልጅ ይውለድ ነው የሚባለው አለች፣ አሜን አልኩ። አላለቀስኩም። ለማልቀስ የሚያበቃ ነገር ደረቴ ውስጥ ብፈልግም አላገኘሁም፣ አንድ የወለል ቅዝቃዜ የሚመስል ነገር ብቻ አለ፣ እስካሁንም አለ፣ ይዤው እሄዳለሁ፣ ክፍል ገብቼ አስተምርበታለሁ።

በሦስተኛው ቀን ትራስ ሳስተካክልላቸው፣ ነርሷ ወጥታለች፣ እሷ የእኔን የስፌት መኪና ትመስላለች አሉኝ። ማን? የምትጽፊባት። ድምፅዋ። ረቡዕ ዕለት ትሮጥ ነበር፣ መሬት ተኝቼ እሰማታለሁ፣ ጥሩ ጨርቅ ይዛለች አልኩ፣ አላቋርጣት። ትራሱን ገልብጬ አደረግኩላቸው፣ ውኃ ይፈልጋሉ አልኳቸው።

አማካሪዬ የላክኩለትን ያንን ሁለት ገጽ ተኩል አንብቦ አሁን ገና መጻፍ ጀመርሽ፣ በዚሁ ቀጥዪ፣ ብሎ ልኮልኛል። ከሆስፒታል ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ጥሩሰው መጥቶ ጠየቀን፣ ብርቱካን ይዞ፣ ሲወጣ በር ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ ልማዱንስ አላቋረጥሽም አይደል አለኝ፣ በቅንነት ነው፣ ምን ያውቃል፣ አቋርጫለሁ አልኩት፣ ሁለት ቀን በተከታታይ አይለፍ እንጂ ችግር የለውም አለኝ። ሃያ ሦስት።

አሥራ አንድ ሰዓት ከዐሥራ ስምንት። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ከታች ከቤተ ክርስቲያን የጸሎት ድምፅ ማጉያው ተከፍቷል፣ አንድ ባጃጅ አልነሣ ብሎ ያጉረመርማል። ከዚያ በኋላ፣ ብዬ ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። ዛሬ ለምን ተነሣሁ፣ ሰኔ ስለቀረበ ነው፣ ሌላ ምንም የለውም፣ ዲግሪውን ብተወው አባባ ከወለሉ አይነሡም፣ ብጨርሰውም አይነሡም፣ ሒሳቡ ግልጽ ነው፣ ግልጽ ሆኖ ሳለ ጣቴ አይሄድም።

ከወዲያኛው ክፍል የአባባ ሳል ተሰማ። ሳይታፈን ነው የሳሉት። ነቅተዋል።

ተነሥቻለሁ። በሩን ሳላንኳኳ ገፋሁት፣ አልጋው ላይ በጀርባቸው ናቸው፣ አራት እግር ያለው ምርኩዛቸው ጎናቸው ቆሟል፣ ምነው አሉኝ፣ በከምባትኛ፣ እኛ ቤት በከምባትኛ ነው የምንነጋገረው፣ በአማርኛ የማስበው እኔው ነኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። አባባ፣ ያን ዕለት ድምፅ ሰምቼ ነበር አልኳቸው። ድምፄ የቀሪ ተማሪ ስም የሚጠራ ሰው ድምፅ ነው።

አውቃለሁ አሉ።

ምኑን ነው የሚያውቁት?

ስወድቅ መኪናሽ ቆመች። ጸጥ አለ። መጣች አልኩ፣ ደረሰች፣ አሁን ትከፍታለች፣ በሩን አየሁት። ከዚያ ደግሞ ቀጠለች።

ጸሎቱ ከታች ይሰማል። እጄ ጉልበቴ ላይ ነው፣ አየዋለሁ። ታዲያ ለምን አልጠሩኝም እላለሁ፣ ይህን ለመጠየቅ ምን መብት አለኝ፣ ጠይቄያለሁ።

ጋቢያቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡ። መጀመሪያ አላቋርጣት ብዬ ነው፣ እሱ ውሸት አይደለም። ከቀጠልሽ በኋላ ግን ሰምታ ካልመጣች ምን ብዬ እጠራታለሁ አልኩ። ተቀይሜሽ ነበር። በኋላ ብርዱ ሲበዛ ቅያሜውም ተወኝ።

እሺ አልኩ። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፣ እሺ ነው የወጣኝ። ጄሪካን መስሎኝ ነበር አልኩ።

ጄሪካን አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ቃሏን እንደ ጨርቅ እያገላበጡ፣ ጄሪካን። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ደነገጥኩ፣ እያለቀሱ መስሎኝ ነበር፣ እየሳቁ ነው፣ አንድ እጃቸው ዳሌያቸው ላይ ነው፣ አታስቂኝ አንቺ ልጅ፣ ብረቱ ይነቀላል። እኔ አልሳቅኩም፣ ዐይኔ ግን በዚህች ሰዓት፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ፣ ፈሰሰ፣ ለብ ያለ ነው፣ አገጬ ላይ ደርሷል፣ እንዳለ ተውኩት። ይቅር ይበሉኝ አልኩ፣ ወጣ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑት፣ ከበድ አድርገው፣ ብዙ ጊዜ ቆየ፣ ተቀየምኩ አልኩሽ እንጂ ጣልኩሽ አላልኩም አሉ።

ከዚያ ስንት ሰዓት ሆነ አሉ። አሥራ አንድ ተኩል ሊሆን ነው። ሂጂ እንግዲህ፣ ሰኔ አንቺን አይጠብቅም። ጠረጴዛውን ወደዚህ ላምጣው? አታምጪው፣ ፊቴ ላይ ስትቀጠቅጪ እንቅልፍ ይወስደኛል እንዴ። ከወደቁስ፣ ከፈለጉኝስ? እጮኻለሁ አሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጄሪካኑን ይዞ እስኪወጣ። ይማሉልኝ አባባ። ሂጂ አልኩሽኮ።

ሄጃለሁ። ሁለቱም በሮች ክፍት ናቸው፣ ቅዝቃዜው በመካከል ያልፋል። አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍኩ፣ መጥፎ ነው፣ ሁለተኛው ከእሱ ይሻላል፣ ተማሪዋ ማያያዣውን የምትደጋግመው ሌላ ስለማታውቅ አይደለም፣ የሚሰማት ሰው እንዳይሄድባት ነው፣ ይህ ማስረጃ ይፈልጋል፣ ይቆይ፣ ማስረጃው ኋላ ይገባል፣ አልጋው ከዚያ ወገን ሲጥ አለ፣ ጣቴ ቆመ፣ ግማሽ ተነሥቻለሁ፣

ተገላብጬ ነው፣ ጻፊ፣ ይላሉ።