ሦስት ገበያ፣ አንድ ደንብ

«ይህ አንቀጽ አያልፍም!» ብለው እማማ ማሚቱ ብድግ ሲሉ ሰብሳቢዋ መሰለች እስክሪብቶዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ከጠዋት ጀምሮ የጸደቀው አራት አንቀጽ ብቻ ነው።

የዲላ፣ የጪጩና የቡሌ ቆጮ ነጋዴ ሴቶች የጭነት መኪና በጋራ ተከራይተው መሥራት ከጀመሩ ዓመት ሞላቸው። ዛሬ ዲላ የተሰበሰቡት ለኅብረታቸው መተዳደሪያ ደንብ ሊያጸድቁ ነው። ረቂቁን የጻፈችው የሕግ ተማሪዋ ሳምራ ናት።

«ሁሉም ነገር በድምፅ ብልጫ ይወሰናል ነው የሚለው። ምን ጥፋት አለው?» አለች መሰለች።

«እናንተ የዲላዎቹ ስልሳ ናችሁ፤ እኛ ከቡሌ አሥራ አንድ። እጅ ከተቆጠረማ መቼም አናሸንፍም። ታዲያ ያንን ሁሉ ጭቃ አቋርጠን ምን ልንሠራ መጣን?» አሉ እማማ ማሚቱ።

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። መሰለች ግን ሳቁ አልመጣላትም። ኅብረቱን ያሰበችው፣ ቤት ለቤት ዞራ ያሰባሰበችው እሷ ናት። ቡሌዎች ከወጡ ኅብረቱ ፈረሰ ማለት ነው።

ሳምራ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እትዬ መሰለች፣ ሥልጣኑን ብናካፍለውስ? መኪናውና የጋራው ገንዘብ የኅብረቱ ይሁን። የጭነት ቀንና የአባል ምዝገባ ግን የየከተማው፤ ኅብረቱ እዚያ ውስጥ አይገባም። ደንቡን ለመለወጥ ደግሞ ሦስቱም ከተሞች ለየብቻቸው ይስማሙ።»

«ኧረ ይቺ ልጅ ሕገ መንግሥት አወጣችልን!» አለች የጪጩዋ ራዚያ።

«እና ቆጮ ሻጭ ሕገ መንግሥት አይገባትም?» አሉ እማማ ማሚቱ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ እጆችም ተነሡ፤ አሥራ አንዱም የቡሌ እጆች ጭምር።

እማማ ማሚቱ ግን አልተቀመጡም። «ደንቡን ራሷ ሰብሳቢዋ ብትጥሰውስ?»

ባለፈው ወር መሰለች ማንንም ሳታማክር የቡሌን ጭነት ከሐሙስ ወደ ማክሰኞ አዙራው፣ ሴቶቹ ሐሙስ ያወጡት ቆጮ መኪና አጥቶ መንገድ ዳር ቀርቶ ነበር። ፊቷ ጋለ። «ለሁላችሁ ብዬ እኮ ነው» ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

«ጻፊ ሳምራ» አለች በመጨረሻ። «ሰብሳቢዋም ከደንቡ በታች ናት። ቅሬታ ከቀረበባት ስብሰባውን ሌላ ሰው ይመራል።»

«ከመቼ ጀምሮ ልበል?»

«ካሁን ጀምሮ።»

ስብሰባውን እንድትመራ የኅብረቱን ማኅተም ለራዚያ አስረክባ ሄደችና ቡሌዎቹ ከተቀመጡበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«በሉ እማማ» አለች፣ «የማክሰኞውን ጉዳይ ይናገሩ።»